ንብ ለምስክርነት የጠራሁ ዕለት

ስልኬ ፊቴን አላውቅም ያለኝ በገበያ ማግስት ጠዋት ነው። አነሳሁና አየሁት፤ እሱም አየኝ። ተያየን። አልከፈተም። በነጠላዬ ጫፍ መስታወቱን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ደግሜ አየሁት፤ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። እርስዎ ብሎኛል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። በር እየዘጋ እርስዎ የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ስልኩን እንዳትታዘቡብኝ። ግራ ዓይኔ ጠፍቷል፤ የላይኛው ከንፈሬ አፍንጫዬን ሊጠይቅ ወጥቷል፤ ጉንጬ ከነጠላዬ ውጭ የራሱን ኑሮ ይዟል። ያን ዕለት እናቴ ከመቃብር ብትነሳ «የማን ልጅ ነሽ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰውም ይሁን ዕቃ ያላጠፋው ጥፋት ሲለጠፍበት ዝም ማለት አይሆንልኝም። ስልኩ ልክ ነበር። ያላወቀውን ፊት አላውቅም አለ። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ሰው በቀበሌያችን ቢኖር ስንቱ ክርክር በቀረ ነበር።

ፊቴ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ልንገራችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከተከራዬ ነው።

ተከራዬ መምህርት ብሩክታዊት ትባላለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ሰቆጣ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ በግቢዬ ባለችው አንዲት ክፍል ትኖራለች። በገባች ሰሞን ከትምህርት ቤት ትመለስና በሯን ዘግታ ብቻዋን ታወራለች። መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆንኩ። ኋላ ግን የሰው ልጅ በግቢዬ ታማ እያየሁ ዝም ልል ነው ወይ ብዬ ጠበል ልወስዳት ቆረጥኩና ጆሮዬን ከበሩ አስጠጋሁ። በባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ስምንት እጅ ያለው እንስሳ ሦስት ልብ አለው እያለች ነው። አንኳኳሁ።

«ልጄ፣ ማንን ነው የምታዋሪው?»

ስልኳን አሳየችኝ። ለካስ ቻናል አላት። ከሥራ በኋላ ከሳይንስና ከአዳዲስ ቴክኖሎጂ ያስገረማትን ነገር ታነባለች፣ ታጣራለች፣ ከዚያ ማንም በሚገባው አማርኛ ለሚከታተሏት ትናገራለች። ማን ይከፍልሻል ብላት ማንም አለችኝ። ታዲያ ምን አደከመሽ አልኳት።

«እማማ፣ የሚገርም ነገር አውቄ ለሰው ካልነገርኩ ሆዴን ያመኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህችን ልጅ ከልቤ አደንቃታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው የሚያውቁትን ቆልፈው የሚይዙ ሰዎችን ነው። መድኃኒት የሚያውቀው ሥሩን ይደብቃል፤ ሕግ የሚያውቀው ጉሮሮውን ጠርጎ ይሄዳል። እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማንበብና መጻፍ እንደ ያዝኩ አስተማሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ትምህርቴም አብሮት ተዛወረ። ታዲያ በስተርጅናዬ ዕውቀት በራሱ እግር መጥቶ ቤቴን ሲከራይ እንዴት ዝም ብዬ ልየው?

ልጄ ከባሕር ዳር የላከልኝን ስልክ አውጥቼ ሰጠኋት። ቁጥር አልይዝም ብላት ፊቴን ሲያይ እንዲከፈት አደረገችልኝ። ቻናሉ ሰዎች የሚወያዩበት ግሩፕ ስላለው እዚያም አስገባችኝ። አሁን ስህተቱ የማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። እኛ ሰንበቴ ስንገባ ተቀምጠን ዝም አንልም። ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ፣ ራሱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ቀፎውን እንጠይቃለን። አንዱን መዝለል ያን ሰው መስደብ ነው። ስለዚህ ግሩፑን ከፈትኩና የአባላቱን ስም አግኝቼ ከላይ ጀመርኩ። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሁ በድምፅ ሰላምታ ላክሁ። አንዳንዱ ስም የክርስትናም የዓለምም አይመስልም። «የጨረቃ ልጅ» የሚባለውን እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅሁት። «ጥቁር ጉድጓድ» የሚባለውን ደግሞ እግዚአብሔር ይሙላልህ አልኩት።

እኩለ ቀን ሳይሆን መምህርቷ ከትምህርት ቤት እያለከለከች መጣች። ጠዋቱን ሙሉ የስንቱ ሰው ስልክ በኪሱ ሲጮህ አርፍዷል፤ አንዳንዶቹም ግሩፑን ለቀው ወጥተዋል። እኔ አላፈርኩም። እንዴት አደርክ ሲሉት የሚሸሽ ሰው ስለ ከዋክብት ተምሮ ምን ሊያደርግ ነው? የጨረቃ ልጅ ግን ከጅማ መልሶልኝ ነበር። እናቱ ደህና ናቸው፤ በዚያ ግሩፕ ሰው ሁሉ ስለ ሮኬት ሲጠያየቅ ስለ እናቱ የጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ አለ። በመጨረሻ ሰላምታዬ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሁሉም በአንድነት እንዲሆን ተስማማን። ስም ካልተጠራ አድልዎ አይኖርም ብላ ነው ያሳመነችኝ። አድልዎ ካሉኝ እኔ ወዲያው እሸነፋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሁሉ ብነግራችሁ ይመሻል። ሲሚንቶ እንደ ማር እያንጠባጠበ ግድግዳ የሚያቆም ማሽን አየሁ። እጁን ያጣ ሰው በሐሳቡ ብቻ የሚያዘው ሰው ሠራሽ እጅ አየሁ፤ ጣቶቹ ብርጭቆ ሲያነሱ እንባዬ መጣ። የጠየቁትን የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎትማ መምህርቷ በስልኬ ከፈተችልኝና በአማርኛ ስለ ፍየል በሽታ ጠየቅሁት። ደህና አድርጎ መለሰ፤ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ ማለቱንም አልረሳ። በኽምጣና ስጠይቀው ግን ተንተባተበ። ይህ ነገር ቆጨኝ። የዓለሙን ሁሉ ቋንቋ አውቃለሁ የሚል ማሽን እናቴ የተቆጣችበትን ቋንቋ የማያውቀው በምን ፍርድ ነው ብዬ በግሩፑ አቤቱታ አሰማሁ። መምህርቷ ማሽኑ የሚያውቀው ሰው የመገበውን ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ። ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ያልሰጡትን ማምጣት አይችልም። ስለዚህ በየሳምንቱ ከሰላምታዬ ጋር ጥቂት የኽምጣና ቃል ከነትርጉሙ እልካለሁ። ከፃግብጂና ከጋዝጊብላ የሆኑ ልጆች አነጋገሬን ያርሙኛል፤ እኔም እነሱን አርማለሁ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በደጄ የኖረው የንብ ጉዳይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ማር ስቆርጥ የንብ አውራ ወንድ ይመስለኝ ነበር። መምህርቷ አውራዋ ሴት ናት፤ ሠራተኞቹም፣ ዘበኞቹም፣ ሞግዚቶቹም ሁሉ ሴቶች ናቸው ስትል ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ይህን ወሬ ይዤ ሰንበቴ ገባሁ። እዚያ አያ ደሳለ ነበር። አያ ደሳለ የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ አበልጄም ነው። ወሬዬን ሰምቶ ጢሙን እያሻሸ፣

«እቴ አበልጄ፣ ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ? ሹሩባዋን አየሽው?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም ወንዶቹ ንቦች አበባ የማይቀስሙ፣ ሰም የማይሠሩ፣ በልተው የሚተኙ፣ ችጋር ሲመጣ ሴቶቹ እየገፉ ከቤት የሚያስወጧቸው መሆናቸውን ጨመርኩ። የዚያን ዕለት ወንዶቹ ጠላቸውን በጸጥታ ጠጡ።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመስከረም፣ አደይ ሜዳውን በሞላበት ሰሞን፣ በገበያ ዋዜማ አንድ የንብ መንጋ ተነሥቶ በእኔና በአያ ደሳለ አጥር መካከል ባለው ግራር ላይ አረፈ። እኔ ከቀፎዬ ሲወጣ አይቼ፣ ርቆ ሳይሄድ እንዲያርፍ እየሮጥኩ አፈር በተንኩ። እሱም ከቀፎው ሲወጣ አይቶ እየሮጠ አፈር በተነ። ግራሩ ሥር ተገናኘን፤ ሁለታችንም አፈር በአፈር ሆነናል።

መንጋው ያንተ ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም። ያለፉት ዓመታት ለንብ ክፉ ነበሩ። በረድፍ ካቆምኳቸው ቀፎዎች ንብ የቀረው በአንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሸረሪት ወርሷቸዋል። የእሱም ቤት ከዚህ የተሻለ አይደለም። ነጭ ማር የሚወደድበት አገር ተወልዶ ባዶ ቀፎ ቆጥሮ ማደር ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። አንድ መንጋ ማለት የከርሞ ተስፋ ነው። የሱም፣ የእኔም።

ነገሩ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ ሞላ ሄደ። መንጋው በአንድ ቀፎ ተይዞ እስኪፈረድ ድረስ እሳቸው ግቢ እንዲቀመጥ አደረጉ። ሁለታችንንም ሰሙ፤ ምስክር የለም። በመጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሁለታችሁም ትምላላችሁ አሉ።

ይህ ነው ያስጨነቀኝ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አያ ደሳለም ያላየውን አየሁ ብሎ የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ አይቻለሁ የሚለው አየሁ ስለ መሰለው ነው። ታዲያ ሁለታችንም ከማልን አንዳችን ሳናውቀው በሐሰት መማላችን ነው። ለንብ ተብሎ የአንድ ሰው ነፍስ ይጥፋ? ደግሞ ከግራሩ ሥር ከተለያየን ጀምሮ አበልጄ ሰላም አላለኝም። በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ያልሆነ ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ይህን እያሰብኩ የመምህርቷን አዲስ ቪዲዮ ከፈትኩ። ስለ ንብ ነው። «ንቦች የሰውን ፊት ከሌላ ሰው ፊት መለየት እንደሚችሉ ታውቃላችሁ?» ስትል ኔትወርኩ ሄደ። ምስሉ ቆመ፤ እሷም አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። እኔ ግን የቀረውን መጠበቅ አላስፈለገኝም። ከሰማይ የተላከልኝ መልስ መሰለኝ። ንብ ፊት ካወቀች ባለቤቷንም ታውቃለች። ባለቤቷን ካወቀች ምስክር ተገኘ። ምስክር ከተገኘ መሐላ ቀረ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄድኩ። አያ ደሳለም ተጠራ።

«ልጄ፣ ንብ እንዴት ትመሰክራለች?» አሉኝ ቄሱ።

«አባ፣ ፊት ትለያለች፤ በሳይንስ ተረጋግጧል። ሁለታችን ፊታችንን ገልጠን ከቀፎው ደጃፍ እንቁም። ባለቤቷን ትተወዋለች፤ ባዕዱን ትነድፈዋለች።»

ቄስ ሞላ ወደ አያ ደሳለ ተመለከቱ። እሱ ሐሳብ ገባው። ሊከራከረኝ ነው ስል፣ እሱ ንቦቹን ጠዋት ማታ እንደሚያያቸው፣ እነሱም ሳያዩት እንደማይቀሩ ተናገረ። ተስማማ ማለት ነው። ውኃ አስመጥቶ ፊቱን ታጠበ፤ ጢሙን አበጠረ። እኔ እንዳልታጠብ መረጥኩ፤ ንቦቹ የሚያውቁት ያልታጠበውን ፊቴን ነው ብዬ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆምን። ለፍትሕ ሲባል ከቀፎው እኩል እንድንርቅ ቄስ ሞላ በመቋሚያቸው መስመር አሰመሩልን። ከዚያ ጥላቸውን ይዘው ወደ ኋላ ራቅ አሉ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ንቦቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እኔ ባለቤትነቴን ያላዩት መስሎኝ አንገቴን ወደ ቀፎው አስግጌ፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። አያ ደሳለም መስመሩን ሳይለቅ አንገቱን ከእኔ አብልጦ አሰገገ።

የቀረውን ፊቴ ነግሯችኋል። ስለ ንቦቹ ፍርድ ግን አንድ ነገር ልበል፤ አድልዎ አልነበረበትም። ለእኔ ዓይኔ ላይ ከሰጡኝ ለእሱ ጆሮው ላይ ሰጡት። ለእኔ ከንፈር፣ ለእሱ አፍንጫ። ሁለታችንም አንድ ላይ ስንሮጥ ከበሩ ላይ ተጋጭተን ወደቅን፤ ከተለያየን ወዲህ የተነካካነው ያኔ ነው። ቄስ ሞላ ጥላቸውን ትተው ቤት ገብተዋል። በበሩ ቀዳዳ፣ ምስክሮቹ ሁለታችሁንም አናውቅም ብለዋል አሉን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ገበያ ደግሞ ወሬ ሲያገኝ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ያቺ በስልክ የምታስተምረው መምህርት ሽማግሌዎቹን አስነደፈች ተባለ። አንዷ፣ ልጇን ቻናሉን እንዳያይ ልትከለክል እንደሆነ ለመምህርቷ ፊት ለፊት ነገረቻት። አመሻሽ ላይ ብሩክታዊት ደጄ ላይ መጥታ ቆመች። ፊቴን ስታይ አለቀሰች። ቻናሉን ልትዘጋው ነው።

እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። ግማሽ ሰምቼ ሙሉ የፈረድኩት እኔ፣ የምትከሰሰው እሷ! ያበጠ ፊቴን ሳልሸፍን ወደ ገበያው ወጣሁ። ሰዉ ዕቃውን ሳይሰበስብ ነው የደረስኩት። ማር ሻጮቹም፣ በርበሬ ሻጮቹም፣ ባጃጅ የሚጠብቁትም እንዲሰሙ አድርጌ፣ ልጅቷ ያስተማረችው እውነት መሆኑን፣ ስህተቱ ትምህርቱን ሳልጨርስ የሮጥኩት የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ከንፈሬ ስላበጠ ግማሹ ቃል አልወጣልኝም። ግን ፊቴ ረዳኝ፤ ሰው እንዲህ ያለ ፊት ይዛ የምትናገርን ሴት ማቋረጥ ይፈራል።

ተመልሼ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አሳይኝ አልኳት። በቀኝ ዓይኔ አየሁት። ተመራማሪዎች ንብን በስኳር ውኃ እያባበሉ አንዱን የፊት ሥዕል ከሌላው እንድትለይ ማስተማር ችለዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ በማይበልጥ አንጎል። ግን የሰው ፊት ለንብ እንግዳ ቅርጽ ያለው አበባ ነው፤ ባለቤቴ ነው፣ እናቴ ናት አትልም። የምትቀስመዋ ንብም ዕድሜዋ የሳምንታት ነው፤ ዛሬ ያየችኝ ለከርሞ አትኖርም። ስኳር ሳላቀምሳቸው አንገቴን ብቻ ሰጠኋቸው ማለት ነው።

«ታዲያ የማን እንደሆኑ በምን እንወቅ?» አልኳት።

ቻናሏን ልትዘጋ የነበረችው ልጅ ስልኳን አነሳችና ጥያቄውን ግሩፑ ላይ ጻፈችው፤ ሁለት ጎረቤት፣ አንድ መንጋ፣ እሑድ መሐላ። ያን የመሰለ ውይይት አይቼ አላውቅም። አንዱ በውጭ አገር ንብ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መከታተያ አለ አለ። ሌላው እሱን ሰቆጣ ማን ያመጣዋል አለው። ሌላው ቀለም ቀቡ አለ። የጨረቃ ልጅ ቀለሙ ንቡን ይጎዳል አለ። ብሩክታዊት እያነበበች፣ እያሰበች ቆየችና ቤት የቀየሩ ንቦች የድሮውን ሰፈራቸውን ወዲያው እንደማይረሱ ጻፈች። ጥቂቶቹን ይዘን ምልክት አድርገን ከግራሩ ሥር ብንለቃቸው፣ ገና አዲሱን ቤት ስላልለመዱ አንዳንዶቹ ወደ እናት ቀፎአቸው ይሄዳሉ። ግን ቶሎ ነው፤ ቀናት ካለፉ አዲሱን ይለምዱታል። ምልክቱ ምን ይሁን ሲባል አንዱ ዱቄት አለ። ከዚያ ሁሉም ዱቄት አለ። የማያውቀን ሰው ስለ እኔና ስለ አያ ደሳለ ነፍስ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼ የከንፈሬን ሕመም ረሳሁት።

«ማን እንደሚያውቁ አንጠይቃቸውም፤ የት እንደሚሄዱ እናያለን» አለችኝ ብሩክታዊት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ስልኬ ፊቴን አላውቅም ባለኝ ጠዋት ማለት ነው፣ እሷ በቁጥር ከፈተችልኝና ሁላችንም ቄስ ሞላ ግቢ ተሰበሰብን። ከንቡ በፊት ግን ዱቄቱ ከማን ቤት ይምጣ የሚል ክርክር ተነሣ። የእኔ ዱቄት ከሆነ ወደ እኔ ይስባቸዋል አለ አያ ደሳለ። የሱም ከሆነ እንዲሁ። በመጨረሻ የቄሱ ባለቤት ከገዛ ማሰሮአቸው ነጭ የጤፍ ዱቄት አመጡ። ቀጥሎ ማን የማንን ቀፎ ይጠብቅ ተባለ። እኔ የራሴን ብጠብቅ ያልመጣውን መጣ ልል እችላለሁ፤ እሱም እንዲሁ። ስለዚህ እሱ የእኔን ቀፎ፣ እኔ የሱን እንጠብቅ አልኩ። ቄስ ሞላ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የወደዱት ነገር ሲኖር ነው የሚነቀንቁት።

ብሩክታዊት ነጠላዋን ተከናንባ፣ በጭስ እያረጋጋች ከቀፎው አፍ ጥቂት ንቦች በብርጭቆ ያዘች፤ ዱቄት ነሰነሰችባቸው፤ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጡ። ግራሩ ሥር ወስዳ ልትለቃቸው ሄደች። ለእኔ ስልኬን ሰጥታ፣ የሚመጣ ካለ ይቅረጹት አለችኝ። አያ ደሳለ ወደ ግቢዬ፣ እኔ ወደ ግቢው ገባን።

ከቀፎው ፊት ለፊት፣ በዚህኛው ጊዜ ራቅ ብዬ፣ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። ቀይ ንቦች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በልቤ፣ የእኔ ደጃፍ ላይ አሁን ነጭ ንብ ገብታ ይሆናል፣ አያ ደሳለ ሊጮህ ነው እያልኩ ጆሮዬን ቀሰርኩ። አልጮኸም።

ከዚያ መጣች። በአየር ላይ እየተንገዳገደች፣ ክንፏ ከብዷት፣ እንደ ደከመ መንገደኛ ከቀፎው አፍ ላይ ወደቀች። ነጭ ነች። ዘበኞቹ ከበው አሸተቷት። አንዷ ዱቄቱን ከጀርባዋ ላይ ላሰችላት። ከዚያ አስገቧት። አላባረሯትም። ቤቷ ነው።

በዚያ ግቢ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ዱቄቱ በቀፎው ውስጥ ይራገፋል፤ ምንም አልመጣም እላለሁ፤ እሱም ምንም አልመጣም ይላል፤ መንጋው ለሁለታችን ይካፈላል፤ ባይሆን ደግሞ መሐላ። ባዶዎቹ ቀፎዎቼ፣ ሸረሪቶቹ ከነድራቸው፣ በዓይኔ መጡ። ያልጠፋው ዓይኔ ተጨፈነ። ስገልጠው ሁለተኛዋ ነጭ ንብ ገብታ ሦስተኛዋ እያረፈች ነበር።

ተነሣሁና በአጥሩ በኩል ተጣራሁ።

«አበልጄ! ያንተ ናቸው።»

ጎረቤቱም፣ ቄሱም፣ ብሩክታዊትም መጡ። አያ ደሳለ አንድ ጆሮው እንደ ጥላ ተዘርግቶ፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለና ሲያየኝ ቆየ። በእኔ ቀፎ አንድም ነጭ አልመጣም። ማስረጃው ይታይ ተባለና ስልኬ ተከፈተ። ቪዲዮው ውስጥ ንብ የለም። ስልኩን ገልብጬ ይዤው ኖሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታየው የእኔ ፊት ነው። ያበጠው ፊቴ ሲጠብቅ፤ አንዷ ዓይን ስትፈጥ፤ ስትጨፈን፤ ስትገለጥ፤ ከዚያ የጠማማው ከንፈር ያንተ ናቸው ሲል። ቄስ ሞላ ሁለት ጊዜ ካዩት በኋላ፣ ከዚህ ሌላ መሐላ አልፈልግም አሉ።

ቀፎውን እኔው ተሸክሜ ላደርስለት ፈለግሁ፤ አልፈቀዱልኝም። ብቻ ከኋላ ተከትዬ ገብቼ ከቀፎዎቹ ጋር ሲቀመጥ አየሁ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ግን ሆዴ ውስጥ የነበረው መሐላ ወጣልኝ፤ አበልጄም ስመለስ በቤቱ በር ሳልፍ፣ ግቢ እንጂ አለኝ።

ብሩክታዊት ነገሩን ሁሉ ለቻናሏ ልታዘጋጀው ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ሆኜ ሳይ የእኔን ቪዲዮ ወደ ጎን አድርጋ ዱቄቱንና ብርጭቆውን ብቻ ትቀጣጥላለች። ምነው ብላት፣ ሰው እንዳይስቅብዎት፣ ደግሞም ተሸንፈዋል፣ አከራዬን ሲሸነፉ እንዴት አሳያለሁ አለችኝ።

«ንቦቹ ወደ እኔ ቀፎ ገብተው ቢሆን ትቆርጪው ነበር?»

ጣቷን ከስልኩ ላይ አነሳች።

«እንግዲያው አትቁረጪው። እንዴት እንዳወቅን ሰው ካላየ ምኑን ሳይንስ ሆነ?»

አያ ደሳለም በዚያው ቪዲዮ ላይ አንድ ነገር እንዲናገር ጠራችው። ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ስለ ንብ አውራ ሊናገር ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ስልኩን ሳይሆን እኔን እያየ፣

«እኔ በሷ ቀፎ ፊት ለብቻዬ ተቀምጬ ነበር። ነጭ ንብ አልመጣም። ብትመጣ ኖሮ እጮህ እንደነበረ ግን አላውቅም» አለ።

ብሩክታዊት ደነገጠችና ጣቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ይህንን ልትቆርጠው ነው። እጇን ያዝኩት።

«እሱንም አትቁረጪው» አልኳት። «ከሁለታችን ይበልጥ ደፋሩ እሱ ነው።»